ስም የሚያደርስ ሞደም

ፖዶልስክ፣ ሞስኮ ዳርቻ
ማርች 2

ይድረስ ለአክስቴ ለቡቡሳራ፣ በእርስዎም አንደበት ለአባቴ ለጁማቃድር፤

እንደምን ከረማችሁ? በረዶው መንደራችንን ቴሪስ ቡላቅን ለቀቀ? የእርስዎ ጉልበትስ? የአባቴ ሳልስ? በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ኑርዛትም ደህና ናት፤ ብቻዋን ግን አይደለችም። በኦገስት ሁለት ትሆናለች ብለውናል።

ይህን የምሥራች በስልክ ልነግራችሁ ሞክሬ ነበር። አባቴ ኔትወርክ ፍለጋ የፍየል ድንጋይ ኮረብታ ላይ ወጥተው ያገኙኝ ቀን፣ «ኑርዛት ፀንሳለች!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። እሳቸው «እሺ፣ እሺ፣ ፈረሱም ደህና ነው» ብለው ዘጉት። ስለዚህ በወረቀት ይድረሳቸው ብዬ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። እኔ ስወለድ ጆሮዬ ላይ አዛን ብለው ስሜን የጠሩልኝ አያቴ ናቸው። ለልጄም አባቴ እንዲጠሩለት እፈልጋለሁ። መምጣት አልችልም፤ የመኖሪያ ወረቀቴ እየተሠራ ስለሆነ ሳይወጣ ድንበር ከተሻገርኩ መመለሻ የለኝም። ኑርዛትም በዚህ ሁኔታዋ መንገድ አትችልም። የቀረን አንድ መንገድ ነው። አባቴ እዚያ ሆነው እዚህ በቪዲዮ ይታዩን፤ ስልኩን የልጁ ጆሮ ላይ አድርጌ እሳቸው ስሙን ይጥሩለት። እሳቸውን ሳያይ ስም የሚወጣለት ልጅ እንዲኖረኝ አልፈልግም።

አክስቴ፣ እኔ የምኖረው የሞስኮ ሰዎች የበጋ ቤት ላይ የኢንተርኔት አንቴና እየሰቀልኩ ነው። ባለፈው ሳምንት ጫካ መሃል ላለ ቤት ስሠራ ውሻቸው ካሜራ አለው፤ ሴትዮዋ ከከተማ ሆና ሲተኛ ታየዋለች። የሰው ውሻ ሲያንኮራፋ አያለሁ፣ የአባቴን ፊት ካየሁ ግን ዓመታት አለፉኝ። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አውራ ጣት የምታክል ሞደም ልኬያለሁ። የአውቶቡስ ሾፌሩ ሳማት ቢሽኬክ ድረስ ያመጣታል። ሲም ካርድ ትጎርሳለች፤ ምራትዎ አይዛዳ በትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ትሰካትና ትሞክራት። አደራ፣ ቶሎ።

ልጃችሁ ሚርላን


ቴሪስ ቡላቅ፣ ናሪን
ማርች 29

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ነገ አባት ለሚባለው ለሚርላን፤

ዕድሜህ ይርዘም፣ ጎጆህ በሰው ይሙላ። እኛ ደህና ነን። የኑሩዝን በዓል የስንዴ ገንፎውን ሱሞሎክ አማስለን፣ ጎረቤት ጠርተን በደስታ አሳለፍን። አባትህ የምሥራቹን ሲሰማ ኮፍያውን ወደ ጣሪያ ወረወረ፤ ምድጃው ጀርባ ገብቶ እስከ ማታ ፈለግነው። «ከዚህ በኋላ ብሞት አይቆጨኝም» ይላል፤ እኔ ደግሞ «መጀመሪያ የኮፍያህን አቧራ አራግፍ» እለዋለሁ።

ሞደሟ ደርሳለች። አባትህ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላብጦ አያት።

«ይህች ናት የልጄን ልጅ የምታሳየኝ? የበግ ጆሮ ላይ የምናንጠለጥለው ምልክት እንኳ ይበልጣታል።»

አይዛዳ ሲም ካርዳችንን ብታጎርሳት «ይህን ካርድ አላውቅም» ብላ ተፋችው። ለካ እዚያ ያለው ኩባንያ ለራሱ ካርድ ብቻ ቆልፏት ኖሯል። አባትህ ሳቀ፤ «የሩስያ ልጅ ናት፣ የኛን ዳቦ አትበላም» አለ። አንተ አንቴና ሰቃዩ ይህን ሳታይ መላክህን ለማንም አልነገርንም፤ ለመንደሩ ብቻ ነው የነገርነው።

አይዛዳ ናሪን ገበያ ወስዳ አስከፈተቻት። አሁን ትሠራለች፤ መሥራት ከተባለ። በሰሜኑ መስኮት በኩል ላፕቶፑን ወደ ውጭ አንገቱን አስወጥተን ስንይዘው አንድ የሲግናል ሰረዝ ታመጣለች። ኦሽ ከተማ ያለውን ልጄን ኤርኪንን በቪዲዮ ጠራነው። አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። አባትህ ጠብቆ ጠብቆ «ይህ ልጅ ሊያዛጋ ነው ወይስ ሊናገር?» ብሎ ተነሣ።

ቀጥሎ የሆነውን ልንገርህ። አይዛዳ ሞደሟን ነቅላ ጠረጴዛ ላይ ትታት ነበር። አባትህ አነሣት፣ በእጅጌው ጠረጋት፣ ወደ ቂብላ ዞሮ እንደ ጠዋት ጤዛ ቀስ ባለ ድምፅ አዛን አለባት፤ ከዚያ ወደ አፉ አስጠግቶ ስም ጠራባት። አይዛዳ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አጎቴ፣ በዚያ በኩል አይደለም የሚሰማው! ደግሞ ተነቅላለች እኮ!»

«አንቺን ምን ቸገረሽ? እኔ ጠርቻለሁ። ካላደረሰች ጥፋቱ የእሷ ነው።»

እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ስሙን ሰምቻለሁ። ነገር ግን «ከልጁ በፊት ስም አይወጣም። ብትጽፊለት ጣትሽ ይድረቅ» ብሎኛልና ጣቴን እወደዋለሁ።

ሳሉ እንዳለ ነው። ማር በቅቤ እሰጠዋለሁ። ሲያመሽ ይብስበታል።

አክስትህ ቡቡሳራ


ፖዶልስክ
ኤፕሪል 14

ይድረስ ለአክስቴ፤

ደብዳቤዎን አውቶቡሱ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ሳማት «ምን ያስቅሃል?» አለኝ፣ ቆይቶ ደግሞ «ምን ያስለቅስሃል?» አለኝ። የተቆለፈች ሞደም መላኬ አሳፍሮኛል። በየቀኑ ለሰው «መጀመሪያ ለሁሉም ካርድ ክፍት መሆኑን ጠይቁ» እያልኩ የምመክር ሰው ነኝ። ለራስ ሲሆን ዓይን ይታወራል።

አሁን ግን በጥድፊያ አልገዛም። እስኪ ለአባቴ እንዲህ ብለው ያስረዱልኝ። ሲግናልና ፍጥነት አንድ አይደሉም። ሲግናል በሩ ድረስ የሚያደርሰው መንገድ ነው፤ ፍጥነት ደግሞ መንገዱ ላይ ስንት ጋሪ በአንድ ጊዜ ያልፋል የሚለው ነው። ሰረዙ ሙሉ ሆኖ የማይንቀሳቀስ አለ፤ ማማውን ብዙ ሰው ሲሻማው እንዲያ ይሆናል። የእኛ ችግር ግን መንገዱ ራሱ ነው። የኔትወርኩ ማማ ከሸለቆው ማዶ ነው፣ ቤታችን ደግሞ ከኮረብታው ጥላ ሥር ነው።

ሦስት ዓይነት አይቻለሁ። አንዱ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ባትሪ ያለው ነው። መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፤ ግን አንቴና የሚሰካበት ቀዳዳ ስለሌለው ለኮረብታ ጥላ አይሆንም። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የሚሰካ ሳጥን ነው፤ ጀርባው ላይ የውጭ አንቴና የሚገባበት ሁለት ቀዳዳ አለው። ሦስተኛው ከሁሉ ፈጣን ነው የሚባለው አዲሱ ነው፤ እሱን የሚመግብ ማማ ግን በናሪን በኩል የለም። ሻጩ ሊያሸክመኝ ፈልጎ ነበር። ጋሪ በሌለበት አገር የጋሪ ጎማ ምን ያደርግልኛል?

ከመግዛቴ በፊት አንድ ነገር ልወቅ። አይዛዳ የሞደሟን ገጽ ትክፈትና የሲግናሉን ቁጥር ትጻፍልኝ። ከዜሮ በታች የሚጻፍ ቁጥር ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ከመቶ አሥር ካለፈ ቪዲዮ አይታሰብም።

ስለ ስሙ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ፊደል ብቻ ይንገሩኝ። እሺ፣ ይቅር። አባቴን ናሪን ሐኪም ያሳዩአቸው፤ ማርና ቅቤ ብቻ አይበቃም። «እንቢ» ካሉ፣ ልጁ የሚያስል አያት አይፈልግም ብሏል ይበሉልኝ።

ልጃችሁ ሚርላን


ቴሪስ ቡላቅ
ሜይ 26

ይድረስ ለሚርላን፤

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ሰላም ለኑርዛት። ጽናቱን ይስጥህ፤ ማለቴ ለሥራህ ነው። ዘገየሁብህ፣ አትቀየመኝ። የበጎች መውለጃ ወቅት ሆኖ፣ እንግዳም በዝቶብን ቤቱ ፋታ አልነበረውም። ከኮችኮርም፣ ከአት ባሺም ዘመድ መጥቶ ነበር።

የአባትህ ሳል ለቆታል። አሁን አያስቸግረውም። ሰላምታው ይድረስህ።

ቁጥሩን አይዛዳ አይታዋለች፤ ከዜሮ በታች መቶ አሥራ ሰባት ነው አለች። እንዳልከው መጥፎ ነው። እንግዲህ አትቸኩል፣ ገንዘብህንም አታባክን። ሞደም ዛሬም ነገም ይገዛል። አንተ ወረቀትህን ጠብቅ። ወረቀትህ ሳይወጣ የትም እንዳትነቃነቅ፤ ይህን እንደ አባትህ ቃል ቁጠረው።

ፈረሱ ከእኛ ጋር የለም። ስትመጣ እናወራዋለን።

ኑርዛት ከባድ አታንሣ።

አክስትህ


ፖዶልስክ
ጁን 8

ይድረስ ለአክስቴ ለቡቡሳራ፤

ሰላምታዬን አስቀድሜ ወደ ጉዳዬ ልግባ፣ ልቤ አልረጋምና። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም የአባቴ ቃል የለበትም። «ሰላምታው ይድረስህ» ብቻ! አባቴ መቼ ነው በዚህ የተወሰኑት? ሲሰድቡኝ እንኳ ቢሆን የተናገሩትን ይጻፉልኝ። ፈረሱስ የት ሄደ? አባቴ ያን ፈረስ ለእኔ ለልጃቸው ሠርግ እንኳ አላዋሱም። ለሐኪም ብላችሁ ሸጣችሁት? ከሆነ ለምን አልነገራችሁኝም?

አይዛዳ ጋ ደወልኩ። የፍየል ድንጋይ ላይ አገኘኋት። «አባቴን አቅርቢልኝ» ስላት «ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው» ብላ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሰው በየዕለቱ ከኔትወርክ ጋር እየዋለ፣ የተቆረጠ ስልክና የተዘጋ ስልክ ይለያል አክስቴ።

ኑርዛት «ነገር አታብዛ፣ ክፉ አታስብ» ትለኛለች። ክፉ እንዳላስብ ብዬ ሞደም መረጥኩ። ስድስት ሱቅ ዞርኩ፤ ሻጮቹ ሲያዩኝ መሸሽ ጀምረው ነበር። በመጨረሻ ሁለት ቀዳዳ ያለውን ሳጥን ገዛሁ፤ ለሁሉም ካርድ ክፍት መሆኑን በገዛ አገራችን ካርድ ሞክሬዋለሁ። ረጅም ርቀት የሚሄደውን ዝቅተኛ ሞገድ ይይዛል፤ ከተራራ ጀርባ የሚደርሰው እሱ ነው። የውጭ አንቴናም አብሬ ልኬያለሁ፤ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ትሪ።

አሰቃቀሉን ልብ በሉልኝ። ግቢው ውስጥ ከፍ ያለው ነገር ላይ ይሁን። ዛፉ ላይ አታድርጉት፤ በነፋስ ይወዛወዛል፣ ቅጠሉም ሲግናል ይበላል። ደረቅ፣ ቀጥ ያለ ግንድ ይሻላል። ፊቱ ወደ ማዶው ማማ ይዙር። ከፊቱ የሚውለበለብ፣ የሚንቀሳቀስ ምንም ነገር አይኑር። ትንሽ አዙሩ፣ ቆም በሉ፣ ቁጥሩን አንብቡ፤ ደግሞ ትንሽ አዙሩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፣ አትቸኩሉ።

እኔ ግን ቸኩያለሁ። እንደተሰቀለ አባቴን አስቀምጡልኝና ጥሩኝ። ልጅ እስኪወለድ አልጠብቅም። አስቀድሜ እኔ ልያቸው።

ሚርላን


ቴሪስ ቡላቅ
ጁላይ 2

ይድረስ ለሚርላን፤

እጅህ ይባረክ፤ የነካኸው ሁሉ ይቅናህ! ዕቃው ሁሉ ሳይሰበር ደረሰ። ሳማት ትሪውን እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣው።

እንዳልከው አደረግን። አይዛዳ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ አስቀምጣው ነበር፣ መቶ አምስት አለች። ጎተራው ላይ ስናደርገው ባሰበት። «ከፍ ያለ ደረቅ ግንድ» ብለህ የለ? በመጨረሻ ከቤቱ በስተቀኝ ባለው ረጅም ምሰሶ ላይ አሰርነው። ሽማግሌውን ቶቆይን ታውቀው የለ፣ በዚያ ዕድሜው መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦውን እሱ ጠመዘዘው፤ እኔ ከታች ሆኜ «አጥንትህን ለማን ልታሸክም ነው?» እያልኩ ስጮህበት። ፊቱ ላይ የሚውለበለብ አይኑር ስላልክ ጨርቁን ወደ ታች አወረድነው። ከዚያ አይዛዳ በመስኮት ቁጥር ትጠራለች፣ እሱ ያዞራል፤ «ዘጠና ዘጠኝ! ዘጠና አምስት! አለፍከው፣ ተመለስ!» መንደሩ ሁሉ አጥር ላይ ተሰቅሎ ያይ ነበር። ዘጠና አንድ ላይ ስትደርስ እልል ተባለ።

ኤርኪንን ጠራነው። እንደ ፎቶ ጥርት ብሎ መጣ፣ አይቆም፣ አይደርቅ። ጥርሱ መሃል ያለችው ሥጋ ሳትቀር ታየችን። ቶቆይ «ዋጣት እንጂ ልጄ» አለው። ከስንት ጊዜ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

አባትህ ያን ሰዓት ተኝቶ ነበርና አልቀሰቀስነውም። ሌላ ቀን ይሁን።

አክስትህ ቡቡሳራ


ፖዶልስክ
ጁላይ 16

አክስቴ ቡቡሳራ፤

ደብዳቤዎን የሰው ጣሪያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ባለቤቱ ከታች «ስንት ደረሰ?» እያለ ይጣራል።

ከቤታችን በስተቀኝ ምሰሶ አልነበረም። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ምሰሶ ያየሁት። አያቴ የሞቱ ጊዜ። የሐዘኑ ድንኳን ዩርቱ ተተክሎ፣ ከጎኑ ምሰሶ ቆሞ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ መሰላሉን ከታች ይዘውልኝ። «ለወጣት ቀይ ነው፣ ለጎልማሳ ጥቁር፤ ለሽማግሌ ነጭ ነው። ጥበቅ አድርገህ እሰረው፣ ዓመት ይቆማል» አሉኝ።

ያወረዳችሁት ጨርቅ ቀለሙ ምንድን ነው ብዬ ልጠይቅዎ ነበር። ተውኩት። ነጭ ነው።

ፈረሱም ገባኝ። እንደ ወጋችን ለቀብሩ ነው የታረደው።

ማን አጠባቸው? ማን አፈር መለሰ? በዩርቱ በር ላይ ቆሞ «ወይኔ አባቴ» እያለ እንግዳ የሚቀበለው ወንድ ልጅ ነው። ማን ቆመ በእኔ ቦታ? እኔ በዚያን ሰሞን ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ የቱ ሞደም ይፈጥናል እያልኩ ነበር። የአባቴን ፊት ለማየት ብዬ የገዛሁት አንቴና በአባቴ የሐዘን ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ እናንተም እልል አላችሁ።

ተቆጥቻለሁ አክስቴ። ደግሞ የምቆጣው ሌላ ሰው የለኝም።

ሚርላን


ቴሪስ ቡላቅ
ጁላይ 30

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለወንድሜ ፍሬ፤

ተቆጣኝ፣ ልክ ነህ። ብትሰድበኝም አፌን አልከፍትም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ነው፤ የኔው ስንቅ ጁላይን አልተሻገረም። ሞት በወረቀት አይጻፍም ብዬ፣ ቃሉን ሸሽቼ ሸሽቼ፣ ነገሩን ራሴ በእጄ ጻፍኩልህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ምሰሶው በየቀኑ ዓይኔ ሥር ስለቆመ ምሰሶ መሆኑን ረሳሁት፤ ሲግናሉ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ምላሴ አመለጠኝ።

እንግዲህ ስማኝ። በሜይ መጀመሪያ ላይ ነው። በጎቹን አይቶ ገባ፣ «ብርድ ብርድ አለኝ» አለ፣ ሻይ አፈላሁለት። ናሪን ልንወስደው ስንነሣ «ሐኪሙ ካሁን በኋላ ምን ሊያደርግልኝ ነው፣ ተዉኝ» አለ። አእምሮው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር። ቶቆይንና እኔን ጠርቶ እጃችንን ያዘና እንዲህ አለን፦

«ለሚርላን አትንገሩት። ከሰማ ሁሉን ጥሎ ይመጣል፤ ቀብሬ ላይ አይደርስም፣ እዚያም አይመልሱትም፤ ሚስቱ በባዕድ አገር ብቻዋን ትወልዳለች። ወረቀቱን ሲይዝ ንገሩት። ያን ጊዜም በስልክ እንዳይሆን። ሰው ፊት ቆሞ፣ ሽማግሌ አፍ ከፍቶ ይንገረው።»

ማልንለት። መንደሩም አብሮን ማለ። አይዛዳ ስልኩን የዘጋችብህ እያለቀሰች ነው፤ እሷን አትቀየማት። ያጠበው ቶቆይ ነው። በዩርቱ በር በአንተ ቦታ የቆመው ኤርኪን ነው፤ «ወይኔ አባቴ» ሳይሆን «ወይኔ የሚርላን አባት» እያለ ነው ያለቀሰው፣ የአንተን ድርሻ አልወሰደም። ይህን እወቅልኝ።

አሁን ወግ ፈርሷል፣ እንጠግነው። ሽማግሌዎቹ ተማክረዋል። ፊት ለፊት ካልሆነ አይነገርም ይላሉ፤ ቶቆይ ግን «በዚህ ሳጥን የኤርኪንን ጥርስ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ፊት ለፊት የለም» አላቸው። ስለዚህ ይህ በደረሰህ ሳምንት ዓርብ ከሶላት በኋላ ምሰሶው ሥር ምንጣፍ አንጥፈን፣ ስልኩን ትራስ ላይ አቁመን እንቀመጣለን። አንተም ፊትህን ታጥበህ፣ ወገብህን ታጥቀህ ጠብቀን። የምታውቀውን ይነግሩሃል። እንደማታውቅ ሆነህ ስማ፣ እንደ ደንቡም ጮኸህ አልቅስ። ጎረቤትህ ቢደነግጥ ይደንግጥ።

ያችን አውራ ጣት የምታክለውን ሞደም ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። ኔትወርክ አላመጣችም። ግን እሱ የተናገረባት እሷ ላይ ነው።

ስሙን አሁንም አልጽፍም። ልጁ ይምጣና በአፌ እነግርሃለሁ።

አክስትህ ቡቡሳራ


ፖዶልስክ
ሴፕቴምበር 5

ይድረስ ለአክስቴ ለቡቡሳራ፤ ለሽማግሌው ለቶቆይ፣ ለአይዛዳም፤

ዓርብ ዓርብ ሲመጣ የእናንተ ምንጣፍ ይታየኛል። ያን ቀን ምስሉ አንዴም አልደረቀም። ሽማግሌ ቶቆይ «ልጄ፣ ተራራም ይናዳል፣ ወንዝም ይደርቃል» ብለው ሲጀምሩ የጢማቸውን እንቅስቃሴ አያለሁ፣ ከራሳቸው በላይ የነጩን ጨርቅ ጫፍ አያለሁ። እንዳላችሁት ጮኼ አለቀስኩ። ጎረቤቴ አሮጊቷ ሩስያዊት በር አንኳኩታ ገባች፤ ስልኩን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ያህል ጊዜ የታመቀው ሁሉ ወጣልኝ። ቁጣዬም አብሮ ወጣ፤ አሁን የለብኝም፣ አይጨነቁ።

የተወለደችልን ሴት ልጅ መሆኗን በቪዲዮ አይታችኋል። ግንባሯ የአባቴ ነው ብላችኋል፣ እኔም እንዲያ ነው የምለው። ሽማግሌ ቶቆይ አዛኑን ካሉ በኋላ እርስዎ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ወንድም ይሁን ሴት፣ ኤሰን በሉ ነው ያለው» ሲሉኝ ኑርዛት ስሙን ደግማ ጠራችው። እኔ ደግሞ ያችን ትንሿን ሞደም አውጥቼ በእጅጌዬ ጠረግኳትና ልጅቷ ጆሮ ላይ አደረግኋት። ኑርዛት «አብደሃል፣ ተነቅላለች እኮ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ኤሰን ግን አዳመጠች።

የመኖሪያ ወረቀቴ ወጥቷል። ሦስታችንም ለአባቴ የሙት ዓመት ድግስ እንመጣለን፤ ትኬት ቆርጫለሁ።

አንድ አደራ አለኝ። አይዛዳ «ዓመቱ ሲሞላ ምሰሶው ይወርዳል፣ አንቴናውን ምን ላይ እናስረው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ ትምህርታቸውን በሱ እንደሚያወርዱ ነግራኛለች። ስመጣ ጣሪያው ላይ ጥሩ ብረት አቆምላታለሁ። እስከዚያው ግን ምሰሶውን ማንም እንዳይነካው። የሚያወርደው የሟቹ ልጅ ነው። ጨርቁን የምፈታው እኔ ነኝ፣ እንጨቱን የምሰብረው እኔ ነኝ።

ያን ቀን ኔትወርኩ ይጠፋል። ይጥፋ። እኔ እዚያው ነኝ።

ልጃችሁ ሚርላን